የሕግ ትምህርት ቤት ሕንፃ ሲወራ በሩም ይነሳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

መሃል ከተማ ስለሚሠሩ የሕግ ትምህርት ቤት ሕንፃዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ግን ወሬው ሁሉ ስለ መስታወቱና ስለ ከፍታው ነው። ሰው እዚያ ውስጥ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወጣ አንድም ቦታ አልተነሳም። ሕግ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ ይሄ ነገር ያናድደኛል።

መሃል ከተማ መሬት ጠባብ ነው፣ ውድም ነው። ወደ ላይ መሥራት ግድ ይላል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ጥያቄው ላይ የሚወጣው ምንድን ነው? አሜሪካ ያለውን የቦስተን ዩኒቨርሲቲን የሕግ ማማ እንይ። አርክቴክቱ ጆሴፕ ሉዊስ ሰርት የነደፈው ባለ 18 ፎቅ ነው፣ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ። ከሩቅ ሲያዩት ግርማ አለው። ጣጣው መማሪያ ክፍሎቹም እዚያው ማማ ውስጥ ላይ ታች ተደርድረው መሆናቸው ነው። ቢሮ ቢሆን ሰው በየሰዓቱ ጠብ ጠብ እያለ ይመጣል፤ ክፍል ግን ሲያልቅ ሁሉም በአንዴ ነው ግልብጥ ብሎ የሚወጣው፣ ታች ደግሞ ቀጣዩ ክፍል ያለው ተማሪ ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል፣ ሁለቱም የሚጠብቁት ያንኑ ሊፍት ነው። ሊፍቱ ምን ያድርግ?

ማማውን ግን አላፈረሱትም፣ ይሄን ነው የወደድኩላቸው። አጠገቡ ባለ አምስት ፎቅ አዲስ ሕንፃ ጨመሩና መማሪያ ክፍሎቹን ወደዚያ አወረዱ። አዲሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፈተ፣ የማማው እድሳት በቀጣዩ ዓመት አለቀ። ሕዝብ የሚበዛበት ታች፣ ጸጥታ የሚፈልገው ላይ። ይሄን ለማወቅ ግማሽ ክፍለ ዘመን መጠበቅ ነበረባቸው?

እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው፣ እዚያው አሜሪካ ያለው የባልቲሞር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ማዕከልም 12 ፎቅ ነው። መሃሉ ግን ክፍት ነው፣ ደረጃዎቹም ፊት ለፊት ይታያሉ። ደረጃ ከከባድ የብረት በር ጀርባ ከተደበቀ ማንም አይወጣበትም፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ሰው ሁለት ሦስት ፎቅ በእግሩ ይሄዳል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ደግሞ ጭራሽ ወደ ታች ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ1981 የተመረቀው የቤተ መጻሕፍት ማስፋፊያ መሬት ውስጥ ነው፣ ብርሃን በመስታወት ይገባለታል፣ ላዩ ላይ ያሉት የድንጋይ ሕንፃዎችም ሳይነኩ ቀሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ተማሪው ይማርበታል፣ ጠበቃ መቅጠር የማይችለው ሰውም ይረዳበታል። እኔ በተማርኩበት ቦታ ይሄ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነበር። አንዲት እናት የክስ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው በር ላይ መታወቂያ ሲጠየቁ፣ ከዚያ "ከማን ጋር ቀጠሮ አለዎት?" ሲባሉ አይቻለሁ። የማንንም ስም አያውቁም፣ ከየት ያውቁታል? ይቅርታ ብለው ዞረው ሄዱ። ሮጬ ባልደርስባቸው ኖሮ የይግባኝ ጊዜያቸው ያልፍ ነበር።

ጥበቃ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ለድጋፍ ቢሮው ምድር ቤት ላይ ከመንገድ የሚያስገባ የራሱ በር ስጡት፣ የቀረውን ሕንፃ እንደፈለጋችሁ ቆልፉት። ደግሞ እባካችሁ፣ ባለጉዳይ የሚነጋገርበትን ክፍል መስታወት አታድርጉት! አሁን ፋሽኑ ሁሉን ነገር ግልጥልጥ ማድረግ ነው፣ ተማሪዎች ክርክር ለሚለማመዱበት የምስለ ችሎት አዳራሽ ይሄ ግሩም ነው፣ መንገደኛው ቆሞ ቢያይ እሰየው። ስለ ፍቺዋ እያለቀሰች የምትናገር ሴትን ግን አላፊ አግዳሚው ሊያያት አይገባም። የደንበኛን ምስጢር ጠብቁ ብሎ የሚያስተምር ተቋም ግድግዳው ላይ ሲደርስ ይረሳዋል።

ስለዚህ አዘጋጁ፣ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕንፃ ስታስነብቡን ፎቶ አንሺያችሁ ፊቱን ካነሳ በኋላ ዞር ብሎ ባለጉዳይ የሚገባበትንም በር ያንሳልን። ከሌለም የለም ብላችሁ ጻፉት።

አንባቢያችሁ