ጀጎል ከውስጥ እየተለወጠ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሐረር ጀጎል በየጊዜው ይጻፋል። ግንቡ፣ አምስቱ በሮች፣ መስጊዶቹ፣ ማታ ማታ የሚቀለቡት ጅቦች ሳይቀሩ ድርሻቸውን አግኝተዋል፤ የጅቦቹ ድርሻ እንዲያውም ከሁሉም ሳይበልጥ አይቀርም። ሰው ስለሚኖርባቸው ቤቶችና ባለቤቶቻቸው ሲያድሷቸው ምን እየሆኑ እንደሆነ ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። ከተማዋ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በአንድ ሐውልት ወይም በአንድ ቤተ መንግሥት ሳይሆን፣ ግንቡ፣ ጠባብ መንገዶቿና ቤቶቿ አንድ ላይ በፈጠሩት ገጽታ በመሆኑ፣ የአንድ ሰው ሳሎን መታደስ የሰውየው የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋር፣ ከውጭ ለሚያልፍ መንገደኛ እምብዛም አይገለጥም። ሀብቱ ውስጥ ነው። ሳሎኑ በከፍታና በስፋት የሚለያዩ፣ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚለየውም በእነሱ ነው። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይለቀለቃል፤ ቅላቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ግድግዳው ላይ ሰፌዱ፣ ሙዳዩና የእንጨት ገበታው ይሰቀላል፤ ግድግዳው ውስጥ በተበጁት ትንንሽ ቦታዎች ደግሞ ቁርኣንና የከበረ ዕቃ ይቀመጣል።

እድሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጣሪያው ይጀምራል። በጥድ እንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት ጠፍጣፋ ጣሪያ ክረምት ሳይገባ በየዓመቱ መጠገን ስለሚፈልግ፣ አቅም የተገኘ ዕለት በቆርቆሮ ወይም በአርማታ ሶሌታ ይተካል፤ ሮቶም ይወጣበታል። ቀጥሎ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰናል። በመጨረሻ ነደባው በዶማ ይፈርስና ቀዩ አፈር በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልቶ፣ መኪና በማያልፍበት መንገድ በአህያ ይወጣል፤ ያው አህያ ሲመለስ ሴራሚክ ጭኖ ይገባል። ሶፋ ይደረደራል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት አፎቻ ሲሰበሰብ፣ ነደባው ትከሻ ለትከሻ ያስቀምጠው የነበረው ሰው በሶፋ አልበቃ ስለሚል፣ ገሚሱ ግቢ ውስጥ በፕላስቲክ ወንበር ይቀመጣል። አፎቻ ለሰርግም ለቀብርም የሚደርስ የሰፈር ማኅበር በመሆኑ፣ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር መሰብሰቡ ሲቀር የሚጓደለው የቤቱ ውበት ብቻ አይደለም።

ሲሚንቶው ለቤቱ የሚበጅም አይደለም። በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ግድግዳ የሳበውን እርጥበት ወደ ውጭ የሚያስወጣው በጭቃና በኖራ ልስን በኩል ነው። ሲሚንቶ ይህን መውጫ ስለሚዘጋበት እርጥበቱ ከውስጥ ይጠራቀማል፤ ጭቃው ይላላል፤ ክረምት አልፎ ሲታይ ልስኑ አብጦ በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ባለቤቱ አሮጌ ግድግዳ ነው ብሎ ሌላ ሲሚንቶ ይደርብበታል፤ ቆይቶም አፍርሶ በብሎኬት ይሠራዋል።

ብሎኬት ከገባ ፎቅ ይከተላል። ከፎቁ ላይ የሚከፈተው ባለ አሉሚኒየም መስኮት የጎረቤትን ግቢ፣ ማለትም ሴቶች ከመንገደኛ ዓይን ተሸሽገው የሚሠሩበትንና የሚያርፉበትን ቦታ፣ ቁልቁል ያያል። ጎረቤት ቢከፋውም በጉርብትና ክስ አይመሠርትም፤ አጥሩን በቆርቆሮ ከፍ ያደርጋል። ከመንገዱ ማዶ ያለውም እንዲሁ ሲያደርግ፣ ቀድሞ በኖራ ነጭና በቀለም ደምቆ የነበረው መንገድ በቀትር ሳይቀር ይጨልማል።

ይህን ሁሉ ስል የሚያድሱትን ለመውቀስ አይደለም። አንድ ጎረቤቴ ነደባውን ያፈረሱት እናታቸው ጉልበታቸውን ታመው መደብ መውጣት ስላቃታቸው ነው፤ እሳቸውን የቅርስ ጠላት የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። ጣሪያው በየክረምቱ የሚያፈስበት፣ የጭቃና የኖራ ሥራ የሚያውቅ ግንበኛ ፈልጎ ያጣ፣ ሲሚንቶ ግን በየሱቁ የሚያገኝ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ችግሩ ከቅርስ ጉዳይ ኃላፊዎች ዘንድ ወደ ነዋሪው የሚደርሰው ቃል በአብዛኛው «አይቻልም» የሚለው መሆኑ ነው። ክልከላ ብቻውን ሥራውን አያስቆምም፤ ወደ ሌሊትና ወደ በዓል ቀን ያዛውረዋል እንጂ። ከመንገድ የማይታየው የሳሎን ሥራማ ጭራሽ ጠያቂ የለውም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ እድሳት አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ይኸው አዋጅ የእድሳቱ ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊሸፍን እንደሚችልም ይላል። ነዋሪው የመጀመሪያውን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ስለ ሁለተኛው የነገረው ግን ያለ አይመስለኝም። ገንዘብ ማከፋፈል ቢከብድ እንኳ የተዘጋጀ ኖራ በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረብ፣ ከቀሩት አረጋውያን ግንበኞች ሥር ወጣቶችን አስቀምጦ ማሠልጠን፣ ነደባው ሳይፈርስ መታጠቢያ ቤትና ለአረጋውያን የሚመች መወጣጫ እንዴት እንደሚገባ የሚያሳይ ንድፍ በነፃ መስጠት ይቻላል። በግል ጥረት ተጠግነው እንግዳ የሚያርፍባቸው ባህላዊ ቤቶች በጀጎል ውስጥ መኖራቸው፣ ዘመናዊ ምቾትና ጌ ጋር አብረው መኖር እንደሚችሉ ያሳያል።

ከየት ይጀመር ለሚለውም፣ በጀጎል ውስጥ መንግሥት የሚያከራያቸው የቀበሌ ቤቶች አሉ። እነዚህን ቤቶች በጭቃ፣ በኖራና በጥድ አድሶ ለማሳየት የማንንም ባለይዞታ ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጀጎል ነዋሪዎች አንዱ፣ ሐረር