የጀልባ ሆድ በመኪና ስቱኮ አይደፈንም

ሰላም የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ የምጽፍላችሁ ከባህር ዳር ነው። ጣና ላይ ሰው ጭነው ዘጌና ደብረ ማርያም የሚመላለሱ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ከውሃ በታች በመኪና ስቱኮ ተለጥፈው ሳይ በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው፣ እባካችሁ አውጡልኝ።

ግንቦትና ሰኔ ላይ ሐይቁ ሲጎድል ያ ጥቁር ድንጋይ ወደ ላይ ይጠጋል፣ ጀልባውን ስታስጠጋ ሆዱን ይነካብሃል። ባለጀልባው ባትላሜራ ይጠራል፣ እሱም የለመደውን ይሰራል፣ ስቱኮ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቀለም ቀብቶ ያስረክባል፣ ሲታይ አዲስ ነው። ሰውየው ላይ አልፈርድም፣ መኪና ውሃ ውስጥ አያድርም። ግን ስቱኮ አብዛኛው ዱቄት ነው፣ የሚይዘው ክር የለውም፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሞገድ ሲመታው ደግሞ ዳር ዳሩን ይለቃል። የጀልባው ጉልበት ፋይበርግላሱ ውስጥ ያለው የመስታወት ክር ነው፣ ክሩ ከተበጠሰ በክር ነው መቀጠል ያለበት። ይሄን ደግሞ ማንም ጥንቁቅ ባለጀልባ ራሱ ሊሰራው ይችላል።

መጀመሪያ በሳንቲም ዙሪያውን ማንኳኳት ነው፣ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ድፍን ይላል፣ በውስጥ በኩልም ነጣ ያለ ቦታ ካለ ክሩ ተጎድቷል ማለት ነው። ከዛ በሳሙና ከዛ በአሴቶን ማጠብ፣ ከመፋቁ በፊት ነው ታዲያ፣ አለዚያ ዘይቱን እየፋቃችሁ ወደ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው፣ ቀዳዳውን ብቻ መድፈን ይፈልጋል። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሪያውን ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ድረስ በስሱ እየሳሳ እንዲሄድ በግራይንደር መፋቅ አለበት፣ አዲሱ ማት፣ ማለትም ከመስታወት ክር የተሰራው ጨርቅ መሰል ንጣፍ፣ አሮጌው ላይ በሰፊው ካልተኛ ይላጣል። እርጥብ ከሆነም ቀናት ይፈጅ እንጂ እስኪደርቅ ይጠበቅ።

ማቱን ከትንሽ ወደ ትልቅ ቆርጦ ሬዚን በሚባለው ፈሳሽ ሙጫ እያራሱ መደራረብ ነው፣ እያንዳንዱን በሮለር አየሩ እስኪወጣ መጫን፣ ነጭ ነጥብ ከታያችሁ አየር አለ። ብዙ ድርብ በአንዴ አይጫን፣ ይግላል። ሬዚኑን የሚያደርቀው ሃርድነር በግምት አይፈስም፣ ለ1 ኪሎ ፖሊስተር ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው፣ ቶሎ ይድረቅ ብሎ ያበዛ ሰው ጣሳው ውስጥ ሲጨስ ያየዋል፣ ያሳነሰ ደግሞ እንደተጣበቀ ይቀርበታል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። አንድ ሱቅ ሃርድነሩን በውሃ ሃይላንድ ቀድቶ ነው የሸጠልኝ፣ ስም የለው ምልክት የለው፣ መልኩ ደግሞ ቁጭ ውሃ! ይሄ ነገር አይን ውስጥ ከገባ አይን ሊያጠፋ ይችላል፣ ልጅ ያለበት ቤት ይገባል እኮ። ማፍጠኛ ከሚባለው ከኮባልቱ ጋር በቀጥታ ከተቀላቀለ ሊቀጣጠል ሊፈነዳም ይችላል፣ ኮባልቱ መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ በደንብ መታሸት አለበት፣ ይሄን የነገረኝ ሻጭ የለም። ሻጮች እባካችሁ በራሱ እቃ ከነጽሁፉ ስጡን፣ ተቆጣጣሪዎችም ሱቆቹን እዩ። ሰሪውም መነጽርና ጓንት ያድርግ፣ የአቧራ ማስክ የሬዚኑን ሽታ አያስቀርም፣ ስራው ደጅ ላይ ነው መሆን ያለበት፣ ቡና ከሚፈላበት ከሰልም ይራቅ።

ሁሉን ራሳችሁ ስሩ ግን አልልም። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ውስጡ እንጨት ነው፣ ውሃ ገብቶ ከበሰበሰ ከላይ ማት መደረብ ምንም አይጠቅም፣ እሱን የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ይየው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንም ለጀልባ ሰራተኞች አጭር ስልጠና ቢያዘጋጁ ብዙ ሰው ይመዘገባል ብዬ አምናለሁ። አሁን መጋቢት ነው፣ ሞቃትና ደረቅ ስለሆነ ለዚህ ስራ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፣ አምና በስቱኮ የተለጠፈ ጀልባ ያላችሁ ሐይቁ ሳይጎድል አውጡትና ፍቃችሁ እዩት።

ከጣና ዳር፣ አንባቢያችሁ