ከትንሿ የጃፓን ከበሮ ጋር፦ የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ኮትሱዙሚ የተባለችውን ትንሽ የጃፓን ከበሮ አመታት በኢንተርኔት ሲማር መክረሙን ብዙዎቻችሁ ያወቃችሁት፣ ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለችው ክፍል በሚወጣው «ዮ! ሆ!» የሚል ጩኸት ሳይሆን አይቀርም። ጩኸቱ የልጆች ረብሻ አልነበረም፤ ኖ በተባለው ጥንታዊ የጃፓን ቴአትር ከበሮ መቺዎች በምትና በምት መካከል የሚያሰሙት፣ እርስ በርስም ጊዜ የሚጠባበቁበት የትምህርቱ አካል ነው።

«የራሳችን ከበሮ እያለ የሰው ከበሮ ምን ያደርግልናል?» የሚል ጥያቄ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተደጋግሞ ተነሥቷል። ከአባሎቻችን መካከል በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚመቱ አሉ። እነርሱ የሚያውቁት ወፍራሙ ድምፅ ከሰፊው፣ ቀጭኑ ደግሞ ከጠባቡ ፊት እንደሚገኝ ነው። የኮትሱዙሚ ሁለት ፊቶች ግን እኩል ናቸው፤ የሚመታውም አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ድምፁን የሚለዋውጠው ገመዱን የጨበጠው ግራ እጅ ነው። ይህን ባዩ ጊዜ የሁለቱንም ከበሮዎች አሠራር እንዴት አድርገው እንደመረመሩ ጠያቂዎቹ መጥተው ቢያዩ ደስ ይለኛል።

የመስከረምና የጥቅምት ስብሰባዎች በምዝገባና በምርጫ አለፉ። ጃፓን በ6 ሰዓት ስለምትቀድመን፣ በዚያ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ሲሆን በእኛም አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነውና ቀጠሮ ለመያዝ አልተቸገርንም። ድምፅ በኢንተርኔት ዘግይቶ ስለሚደርስ አብሮ መምታት አይቻልም፤ ጃፓናዊቷ አስተማሪ መትታ ታቆማለች፣ ልጆቹም በየተራ ይመልሳሉ። ያለችን ከበሮ አንድ ወላጅ ያዋሱን አንዲት ብቻ በመሆኗ፣ የቀሩት ሁለት የፕላስቲክ ሳህኖችን ቂጥ ለቂጥ በሲባጎ አስረው በቀኝ ትከሻቸው ላይ እየያዙ ተለማመዱ።

በየካቲት፣ አየሩ በደረቀበት ሰሞን፣ ከበሮዋ ጣውላ እንደመምታት ያለ ደረቅ ድምፅ ብቻ ትሰጥ ጀመር። ተራዋ የነበረው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደጋግማ መታች፤ ለውጥ የለም። አስተማሪዋ የፈረስ ቆዳው እርጥበት እንደሚሻ ስታስረዳት፣ ልጅቱ ከበሮዋን ከትከሻዋ አውርዳ ቆዳው ላይ በአፏ ሙቅ ትንፋሽ ደጋግማ ተነፈሰችበት፤ በምራቋ ያራሰቻትን ቁራጭ ወረቀትም ከኋላው ቆዳ ላይ ለጠፈች። ከዚያም ከበሮዋን መልሳ አንሥታ፣ ገመዱን ላላ ጠበቅ እያደረገች በጣቶቿ መታች። «ፖን» የሚለውን፣ ወራት ሙሉ በስክሪን ብቻ የሰማነውን ክብ ድምፅ በክፍላችን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ጓደኞቿ «ድገሚው!» እያሉ ሲጮኹ፣ ግንኙነቱ ተቋርጦ ስለነበር አስተማሪዋ ሳትሰማው ቀረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቱ ማንም ሳይጠይቃት ቀድማ ተቀምጣ ቆዳውን ስታሞቅ አገኘኋት።

መብራት በመጥፋቱ የተሰረዙ ትምህርቶች ነበሩ፤ በወላጆች ቀን ልናቀርበው ያሰብነውም ዝግጅት ማይክሮፎን ባለመገኘቱ ቀርቷል። ለክበባችን የተመደበው ገንዘብ ለኢንተርኔት ካርድ እንኳ ስላልበቃ ልዩነቱን የሸፈነው የእኔ ስልክ መሆኑን፣ በጀት የሚያዘጋጁት ባልደረቦቼ እንዲያውቁት እወዳለሁ። የተዋስናት ከበሮ በሐምሌ ለባለቤቷ ትመለሳለች። ስለዚህ የወላጅ መምህር ኅብረት ከመስከረም ምዝገባ በፊት ለአንዲት ከበሮ መግዣና ለዓመቱ የኢንተርኔት ክፍያ የሚሆን ገንዘብ እንዲፈቅድልን በክበቡ አባላት ስም አመለክታለሁ።