አቤ፣ ሽቦውን ጣለው

ሰላም አቤ፣

አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል "ይሄ ሰውዬ አለ እንዴ?" ማለትህ አይቀርም። አለሁ። አፌን የዘጋው የእማማ ለቅሶ ነው። በዕለቱ ሳልደውል ቀረሁ፤ በማግስቱ አፈርኩ፤ ወር ካለፈ በኋላማ ምን ብዬ ልጀምር? ይቅር በለኝ።

ዛሬ ያስጻፈችኝ እህትህ ናት። ናዝሬት ቤታችሁ ጣሪያ ላይ ሶላር እንዳስገጠምክ ነገረችኝ። እሰይ! ቀጥላ ግን "እሁድ እሁድ በኦሞና በሽቦ ይፈትገዋል" ስትለኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። በናትህ ሽቦውን ጣለው። መስታወቱ ብርሃን እንዳያንጸባርቅ የተቀባ ስስ ቅብ አለው፤ አንዴ ከተጫረ አለቀለት።

ከመቼ ወዲህ አዋቂ ሆንክ አትበለኝ። እዚህ ሎስ አንጀለስ ታክሲ መንዳቱን ትቼ ሶላር አጣቢ ከሆንኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሳቅ፣ ሳቅ።

የመጀመሪያ ቀን ሳሙና ላነሳ ስል አለቃዬ እጄን ያዘና የመንገዱን ዳር የውኃ መውረጃ አሳየኝ። በዚህ ከተማ የጎዳና ጎርፍ ሳይጣራ ነው ባሕር የሚገባው፤ ሳሙናችንም አብሮት። ደግሞ በደንብ ያልለቀቀ ሳሙና አቧራ ይይዛል። ስለዚህ የምንጠቀመው ለስላሳ ብሩሽና ውኃ ብቻ ነው፤ ውኃውም በማጣሪያ ማዕድኑ የወጣለት። "ውኃ ያው ውኃ ነው" አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። የመኪናው መስታወት ላይ አንድ ጠብታ ከቧንቧ፣ አንድ ጠብታ ከኛ ታንከር አኖረ። ቡና ጠጥተን ስንመለስ ሁለቱም ደርቀዋል። የቧንቧው ነጭ ቀለበት ትቷል፤ ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ዓይነት። የኛውን ጎንበስ ብዬ ብፈልግ ቦታውም ጠፋኝ።

የምናጥበው ማለዳ ነው፤ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከደፋህ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከአቧራ ይልቅ የሚያሳስበኝ የርግብ ኩስ ነው። ፓኔሉ ውስጥ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት ትናንሽ ክፍሎች፣ ሴሎቹ፣ በተርታ የተያያዙ ናቸው። አንዷ ስትሸፈን የሌሎቹንም ኃይል ታንቃለች፤ ራሷም ትግላለች።

አለቃዬ እንዳይሰማ እንጂ፣ አቧራ ብቻ ከሆነ ብዙ ሰው እኛን ባይጠራም አይጎዳም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሳን ዲዬጎው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ጥናት፣ በበጋ ለ145 ቀን ያልታጠቡና ዝናብ ያላገኛቸው ፓኔሎች ከኃይላቸው የቀነሱት በአማካይ 7.4 በመቶ ብቻ ነው። ይህንን ለደንበኛ ስናገር ገበያዬን እየዘጋሁ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ምን ላድርግ፣ ያላስፈለገውን ሰው ጣሪያ አጥቤ ገንዘብ ስቀበል ይከብደኛል።

ስለዚህ እሁድህን አትጨርስ። ሐምሌና ነሐሴን ለዝናቡ ተወው። በበጋ አቧራው ሲጋገር ብቻ፣ ለስላሳ ብሩሽ ረጅም እንጨት ላይ አስረህ እጠበው። ፓኔሉ ላይ እንዳትቆም፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጥርበታል።

ውኃውን አስቤበታለሁ። እማማ ክረምት ክረምት ከአሸንዳው ሥር በርሜል ያስቀምጡ አልነበር? የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን ቆሻሻ ጠርጎ ካለፈ በኋላ ነበር የሚደቅኑት። "ፀጉር ያለሰልሳል" እያሉ እኛን እግራችንን እንኳ አያስታጥቡንም። አለቃዬ በስንት ማጣሪያ የሚያወጣውን ማዕድን የዝናብ ውኃ መጀመሪያውኑ የለውም።

በርሜሉ አለ?

ወንድምህ