የቅሬታ ደብዳቤ፦ አዲስ ተብሎ ስለተሸጠልኝ ያገለገለ ሃርድ ዲስክና ስለ ገጠማው ጉድለት

ቀን፦ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፒያሳ ለሚገኘው የኮምፒውተር ሽያጭና ጥገና ድርጅት
ለአገልግሎት ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ኅዳር 9 ቀን ከሱቃችሁ ባለ 4 ቴራ፣ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ገዝቼ እዚያው በባለሙያችሁ እጅ የቤት ኮምፒውተሬ ላይ ሁለተኛ ዲስክ ሆኖ ተገጥሞልኛል። ደረሰኙ ላይ ሦስት ነገሮች ተለይተው ተጽፈዋል፦ አዲስ ሃርድ ዲስክ፣ አዲስ የሳታ ኬብል (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የመረጃ ኬብል)፣ የገጠማ አገልግሎት። ከሦስቱ አንዱንም እንደተጻፈው ሆኖ አላገኘሁትም። ዲስኩ ያገለገለ ነው። ኬብሉ ከራሴ ኮምፒውተር ላይ ተነቅሎ የተመለሰልኝ ነው። ገጠማው ደግሞ ለቃጠሎ ምክንያት ሊሆን በሚችል አዳፕተር የተሠራ ነው። ባለሙያችሁ ዲስኩ ስክሪኑ ላይ ሲታይ «አለቀ» ብለው ነው ያስረከቡኝ። ዲስክ መታየቱ ግን የሥራው መጀመሪያ እንጂ ማለቂያው አይደለም፤ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ጉድለት በሙሉ ዲስኩ እየታየ የተገኘ ነው።

ከዲስኩ ልጀምር። ማንኛውም ሃርድ ዲስክ ስማርት በሚባለው መዝገቡ ውስጥ ስንት ሰዓት በርቶ እንደሠራና ስንት ጊዜ እንደተነሣ ራሱ ይመዘግባል። ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ስከፍተው የሥራ ሰዓቱ 21,384፣ የተነሣበት ብዛት 46 ይላል። 21,384 ሰዓት ማለት ሌት ተቀን ሳይጠፋ 891 ቀን፣ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ነው። ከእኔ ጋር የቆየው 6 ቀን ብቻ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ደግሞ ሌላም ነገር ይናገራሉ፦ የቤት ኮምፒውተር ዲስክ በየቀኑ ስለሚጠፋና ስለሚበራ ለዚህ ያህል ሰዓት የመነሣት ብዛቱ በመቶዎች ይቆጠር ነበር። 46 ብቻ ከሆነ ዲስኩ የኖረው ከማይጠፋ ማሽን ውስጥ ነው፤ የካሜራ መቅጃ ወይም ሰርቨር ይመስላል።

ይህን ቁጥር ስታረጋግጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፕሮግራሙ ከታች ባለው ሰንጠረዥ ጥሬ ቁጥሩን የሚያሳየው በአሥራ ስድስትዮሽ፣ ማለትም በአሥር ፈንታ በ16 በሚያባዛ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በ09 መስመር ላይ የምታዩት 5388 ነው፤ ያ ግን 5,388 ሰዓት አይደለም፣ ወደ ተራ ቁጥር ሲመለስ 21,384 ነው። ፋንክሽን፣ አድቫንስድ ፊቸር፣ ሮው ቫልዩስ ገብታችሁ 10 የሚለውን ስትመርጡ ሰንጠረዡ በሙሉ ወደ ተራ ቁጥር ይለወጣል። በዚያው ሰንጠረዥ 05 የሚለው መስመር 16፣ ሲ5 የሚለው 8 ይላል። የመጀመሪያው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ የዲስኩን ክፍሎች፣ ሁለተኛው ለማንበብ አስቸግረው ገና ውሳኔ የሚጠብቁትን ይቆጥራል። በአዲስ ዲስክ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ፕሮግራሙም ጤንነቱን በቢጫ አስጠንቅቆ ነው የሚያሳየው። ማሸጊያው ላስቲክ ያልተከፈተ መሆኑ ስለዚህ ምንም አያረጋግጥም፤ ላስቲክ በሙቀት መልሶ ማሸግ የደቂቃ ሥራ ነው።

ፕሮግራም ሳይከፈትም ዲስኩ ራሱ ይመሰክራል። በእኔ ኬዝ ውስጥ ዲስክ የሚታሰረው በጎኖቹ ቀዳዳዎች ነው። ሆዱ ላይ ያሉት አራት ቀዳዳዎች ግን ዙሪያቸው ክብ ሆኖ ተፍቋል፤ የብሎን ራስ ተጭኖ የዞረበት ምልክት ነው፣ ጥርሳቸውም ላይ የብረት ብናኝ አለ። እኔ ዘንድ በሆዱ በኩል ብሎን አልገባበትም። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ታስሮ ነበር ማለት ነው።

ወደ ኬብሉ ስመጣ፣ ዲቪዲ ማጫወቻዬ ከገጠማው በኋላ መሥራት አቁሟል። የኬዙን ጎን ስከፍት ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የዲቪዲው የሳታ ኬብል ተነቅሎ አዲሱ ዲስክ ላይ ተሰክቷል። ማዘርቦርዱ አራት የሳታ ቀዳዳ አለው፤ ለአሮጌው ዲስክ፣ ለዲቪዲውና ለአዲሱ ተዳርሶ አንድ ይተርፋል። የቀዳዳ እጥረት አልነበረም፣ ዋጋውም ተከፍሎበታል። ይህ ኬብል ደግሞ የቆየ ዓይነት ስለሆነ ጫፉ ላይ የሚቆልፈው ብረት የለውም። በዚያ ላይ ከዲስኩ እንደወጣ በቀጥታ ታጥፎ የኬዙ ክዳን ተጭኖታል። ውጤቱ በሲ7 መስመር ላይ ይታያል፤ ይህ በኬብሉ ላይ ተበላሽቶ እንደገና የተላከ መረጃ መቁጠሪያ ነው። ስጀምር 41 ነበር። 200 ጊጋ ፋይል ወደ ዲስኩ ስገለብጥ 358 ደረሰ፤ ቅጂውም መሀል ላይ እየቆመ ይሄድ ነበር። ቆላፊ ያለው ሌላ ኬብል ሳላጥፍ ሰክቼ ያንኑ 200 ጊጋ ደግሜ ስገለብጥ 358 ላይ ቆሞ ቀረ። ይህ ቁጥር ወደ ኋላ አይመለስም፤ መጨመር ማቆሙ ነው ጥፋቱ የኬብሉ እንደነበር የሚያሳየው። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለውን ብልሽት ብዙ ሰው በዲስኩ ነው የሚያሳብበው፤ መጀመሪያ ኬብል መቀየር ከዚያ ዲስክ መጠርጠር ነው የሚሻለው።

አሁን የምጽፈውን ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ፤ የገንዘብ ጉዳይ አይደለምና። ዲስኩ መብራት የሚያገኘው ከባለ አራት ሽቦው የሞሌክስ ጫፍ ወደ ሳታ በሚቀይር አዳፕተር ነው። አዳፕተሩ ሽቦዎቹ ተደርድረው ላስቲክ በላያቸው ቀልጦ የፈሰሰበት ዓይነት ነው። የሳታው የመብራት ጫፍ 15 እግር አለው፤ በእግርና በእግር መካከል ያለው ርቀት 1.27 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በፈሰሰ ላስቲክ ሲሠራ ባለ 12 ቮልቱ ቢጫና የጥቁሩ ሽቦ ክሮች ውስጥ ለውስጥ ሊቀራረቡ ይችላሉ፤ ከውጭ አይታይም። ላስቲኩ በሙቀት ሲለሰልስ ይነካካሉ፣ ከዚያ ሾርት ነው፣ ጫፉ ይቀልጣል፣ ይቃጠላል። ይህ ዓይነት አዳፕተር በዚህ የታወቀ ነው። ግድ ካስፈለገ እያንዳንዱ ሽቦ በየራሱ ቀዳዳ ገብቶ በብረት የተቆነጠጠበት ዓይነት አለ፤ የኋላ ክዳኑ ሲከፈት ሽቦዎቹ ተለያይተው ይታያሉ።

ግድ አላስፈለገም ደግሞ። ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው የሳታ መስመር ሦስት ጫፍ አለው። አንዱ አሮጌው ዲስክ ላይ፣ አንዱ ዲቪዲው ላይ ነው። ሦስተኛው ከዲስክ መደርደሪያው ጀርባ ከሌሎች ሽቦዎች ጋር በላስቲክ ማሰሪያ ታስሮ ተቀምጧል። ማሰሪያውን ቆርጦ መሳብ ይበቃ ነበር። ሰው ተኝቶ የሚያድርበት ቤት ውስጥ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ አዳፕተሩን ነቅዬ አስቀምጬዋለሁ፣ ከዲስኩ ጋር ይዤ እመጣለሁ። በዚያ ሰሞን ተመሳሳይ አዳፕተር የገጠማችሁላቸው ሌሎች ደንበኞች ካሉ ደውላችሁ እንድትነግሯቸው አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ስለ መጠኑም ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ትክክል አልነበረም። ዲስኩ 2 ቴራ ብቻ ነው የሚያሳየው ብዬ ስደውል «ፋብሪካው ሁልጊዜ እንዲህ ይቀንሳል» ተባልኩ። ሁለት የተለያየ ነገር ተምታቷል። ፋብሪካው 4 ቴራ የሚለው በአሥር ብዜት ቆጥሮ ሲሆን ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚያካፍል ያው ዲስክ 3.63 ቴራ ሆኖ ይታያል፤ ይህ ጤናማ ነው፣ የጎደለ ነገር የለም። የእኔ ግን ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ውስጥ ሲታይ 2048 ጊጋው ፎርማት ተደርጎ 1678.02 ጊጋው በጥቁር መስመር ባዶ ተቀምጧል፣ አዲስ ፓርቲሽንም (የዲስክ ክፍልፋይ) አይፈጠርበትም። ምክንያቱ ዲስኩ ሲጀመር ኤምቢአር የተባለው የቆየ የፓርቲሽን መመዝገቢያ ዘዴ ተመርጦ መሆኑ ነው። ኤምቢአር አድራሻ የሚይዘው በ32 ቢት ነው፤ 512 ባይት በሆኑ ክፍሎች ሲባዛ ከ2 ቴራ ትንሽ ያለፈ ላይ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሊጠራው አይችልም። መመረጥ የነበረበት ጂፒቲ የተባለው አዲሱ ዘዴ ነው።

ባለሙያችሁ «ማዘርቦርዱ አሮጌ ስለሆነ ጂፒቲ አይቀበልም» ብለውኛል። ይህ የሚሠራው ዊንዶውሱ የሚነሣበት ዲስክ ላይ ነው። ሁለተኛው ዲስክ ፋይል ማስቀመጫ ብቻ ስለሆነ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) የቆየም ቢሆን ዊንዶውስ 10 ራሱ ያነበዋል። ማስተካከያውም አጭር ነው፦ ዲስክ ማኔጅመንት ይከፈታል፣ ፋይሉ ወደ ሌላ ቦታ ከተገለበጠ በኋላ የዲስኩ ፓርቲሽን ይጠፋል፣ በግራ በኩል የዲስኩ ስም ባለበት ግራጫ ሳጥን ላይ ቀኝ ተጭኖ ወደ ጂፒቲ ቀይር የሚለው ይመረጣል፣ ከዚያ መላውን የሚሸፍን አንድ ፓርቲሽን ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት ይፈጠራል። ቀኝ የሚጫኑት ፓርቲሽኑ ላይ ሳይሆን ሳጥኑ ላይ ነው፤ ትእዛዙ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

ብሎኖቹ አራት መሆን ሲገባቸው ሁለት ናቸው፣ እነሱም የዲቪዲ ኤም3 ብሎኖች። የ3.5 ኢንች ዲስክ ቀዳዳ የሚፈልገው ወፈር ያለውን 6-32 የተባለውን የብሎን ልክ ነው። ኤም3 ይገባል፣ ግን አይነክስም፤ ዲስኩ በእጅ ሲነካ ይንቀጠቀጣል።

የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ዲስኩ በእውነት አዲስ በሆነ ባለ 4 ቴራ ይተካልኝ፤ ከመገጠሙ በፊት የሥራ ሰዓቱ ከ10 ሰዓት በታች፣ 05፣ ሲ5 እና ሲ7 ዜሮ መሆናቸው ፊት ለፊቴ ይታይ። ከፓወር ሰፕላዩ ሦስተኛ ጫፍ በቀጥታ ይሰካ፤ ሌላ አዳፕተር አልቀበልም። ቆላፊ ያለው አዲስ ኬብል ይገጠም፣ የዲቪዲው ወደ ቦታው ይመለስ። በአራት 6-32 ብሎን ይታሰር። ጂፒቲ ሆኖ ሲጀመር ፈጣን ፎርማት የሚለው ምልክት ይነሣ፤ ያን ጊዜ ዊንዶውስ ዲስኩን ዳር እስከ ዳር ይጽፍበታል። በሴኮንድ 150 ሜጋ ቢሄድ 4 ቴራ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ንጋቱ 10 ሰዓት በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ይደር። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። በማግስቱ 05 እና ሲ5 አሁንም ዜሮ ከሆኑ እረከባለሁ። የገጠማው ዋጋና የኬብሉ ዋጋ ይመለስልኝ፣ ጋራንቲውም ከአዲሱ ርክክብ ቀን ይቆጠር።

ኬዙን መክፈቴ ጋራንቲውን ያፈርሳል እንዳይባል አስቀድሜ ልናገር፦ የፈታሁት የኬዙን ጎን ብቻ ነው። የዲስኩ ስቲከርም ብሎኖቹም አልተነኩም፣ መለያ ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው። የስማርት መዝገቡን፣ የዲስክ ማኔጅመንቱን፣ የአዳፕተሩንና የቀዳዳዎቹን ፎቶ ከደረሰኙ ቅጂ ጋር አያይዣለሁ።

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ያገለገለ ዕቃ «አዲስ» ተብሎ ደረሰኝ ላይ መጻፉ ይህን መብት ይነካል። ደብዳቤው በደረሳችሁ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ አቤቱታዬን ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ። ከዚያ በፊት በእናንተው በኩል ቢስተካከል እመርጣለሁ፤ ሱቃችሁ ለሰፈራችን ቅርብ ነው፣ ዕቃም ተመላልሼ የገዛሁበት ነው።

ዲስኩን ስመልስ ፋይሎቼ እንዳይቀሩበት ሙሉ በሙሉ በዜሮ ተጽፎበት አመጣዋለሁ። ይህን ሳደርግ ለማንበብ ያስቸገሩት ስምንቱ ክፍሎች ወይ ይተካሉ ወይ ይድናሉ፣ ሲ5 ወደ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ስትቀበሉት ንጹሕ መስሎ ቢታያችሁም ላስቲክ አልብሳችሁ ለሌላ ደንበኛ እንዳትሸጡት።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ አራት ኪሎ
(ስምና ስልክ በተያያዘው ደረሰኝ ላይ)