ፕሪንተሩን ከመዶሻው በፊት ለተማሪ አሳዩት

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ጋዜጣችሁን ሱቄ ውስጥ ነው የማነበው። አንብቤ ስጨርስ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ የተፈታ ብሎን እደረድርበታለሁ። እንዳትቀየሙኝ።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የትምህርት ቤታቸው የድራማ ክበብ ለዓመቱ መዝጊያ ቴአትር ጻፈ። ታሪኩ በ2100 ዓ.ም. ጮቄ ተራራ ላይ ነው የሚሆነው። እሷ የምንጭ ጠባቂ ናት፤ ቀኝ እጇ ማሽን ነው። አንድ ማታ እራት ላይ «አባዬ፣ የሳይቦርግ ክንድ ትሠራልኛለህ?» አለችኝ። ምንድን ነው እሱ ስላት፣ ግማሹ ሰው ግማሹ ማሽን የሆነ ነው አለች። ቃሉን በ1960 እ.ኤ.አ. ማንፍሬድ ክላይንስና ናታን ክላይን የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ጠፈር ጉዞ ሲጽፉ እንዳወጡት ሁሉ አጥንታለች። እናቷ «ፊዚክሱን እንዲህ ብታጠኚው ምን ነበረበት» ብላ ወጥ ጨመረችላት።

እኔ ዕቃው ወዲያው ታየኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። የመጋዘኑ መስኮት ከመንገድ ይታያል። ውስጡ የሞተ ፕሪንተርና ኮምፒውተር እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ሦስት ክረምት እዚያው ነው። የሞተ ፕሪንተር ለእኔ ቢጤ ሙክት ማለት ነው፤ የሚጣል የለውም። ሞተር አለው፣ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ አለው፣ ጥርሳም ቀበቶ፣ ስፕሪንግ፣ ጠፍጣፋ ሽቦ አለው።

ሄጄ ጠየቅሁ። የንብረት ክፍሉ ልጅ ትሑት ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ብሰጥዎት ደስ ይለኝ ነበር። ግን የመንግሥት ንብረት ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ይቆጠራል፣ ይገመታል፣ ከዚያ በጨረታ ነው የሚወጣው» አለኝ። እውነቱን ነው። ለእኔ ብሎ እንዲጠየቅ አልፈልግም። አመስግኜ ወጣሁ።

ክንዱን እንግዲህ ከቱቦ ጀመርነው። 110 ሚሊሜትር የፍሳሽ ቱቦ ቁራጭ ነበረኝ፤ በሴጌቶ በቁመቱ ሰነጠቅሁት። ፕላስቲኩ 80 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይለሰልሳል። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላልን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እሱም ይበቃል። በእሳት እንዳትሞክሩት፣ ጭሱ መርዝ ነው። ትልቁን ድስት ጥደን ቱቦውን ነከርነው። ዘነዘናውን በጨርቅ ጠቅልለን ልክ የልጅቷን ክንድ አሳክለነው ነበር። ቱቦው ሲለሰልስ በፎጣ ይዤ ዘነዘናው ላይ ጠመጠምሁት። ሲቀዘቅዝ ክንድ ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ ዘነዘናዋን እስከ ዛሬ እያሸተተች ነው የምትወቅጥበት።

የአንድ እጅ ጣቶች አጥንት 14 ነው። አውራ ጣት ሁለት አለው፣ የቀሩት ሦስት ሦስት። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን 16 ሚሊሜትር ቱቦ 14 ቦታ ቆረጥሁት። በጀርባ በኩል ከአሮጌ ከላማዳሪያ የተቀደደ ጎማ አያያዛቸው፤ ጣቱን የሚያቃናው እሱ ነው። በመዳፍ በኩል ክር ያልፋል፤ ክሩ ሲሳብ ጣቱ ይታጠፋል። የራሳችን እጅም እንዲሁ ነው። ጣት ከሚያጥፉት ጡንቻዎች ትልልቆቹ ያሉት መዳፍ ላይ ሳይሆን ክንድ ላይ ነው፤ ጅማታቸው በእጅ አንጓ አልፎ ይጎትታል። ክንዳችሁን ጨብጣችሁ ጣታችሁን አንቀሳቅሱ፣ ይሰማችኋል።

ክሩ አንከራተተን። መጀመሪያ ከባሕር ዳር ያስመጣሁት የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነበር። ናይለን ይለጠጣል። ጠዋት ግጥም አድርጎ የጨበጠ እጅ ከሰዓት በኋላ ምጽዋት የሚጠይቅ መሰለ። ከጫማ ሰፊው ጎረቤቴ ሰም የተቀባ ክር ወሰድን፣ እሱ ጸና። ልጅነቱን ቅኔ ቤት ያሳለፈ አንድ ደንበኛዬ ይህን አይቶ «ሰሙን አገኛችሁ፣ ወርቁን ፈልጉ እንግዲህ» አለ። ጎጃም ውስጥ ሰም ከተነሣ ሌላ አትጠብቁ።

ወርቁ ሞተሩ ነበር። ሰርቮ ይሉታል። 55 ግራም ነው የሚመዝነው፣ ግን አራቱን ጣት አንድ ላይ ይጎትታል። ከአዲስ አበባ አስገዛሁት። ሞተሩን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ አርዱዪኖውን፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤት ልጅ አዋሰን። ይህ ቦርድ በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኢቭሬያ በምትባል የጣሊያን ከተማ ነው። ኦሊቬቲ የተመሠረተባት ከተማ ናት። በወጣትነቴ የስንቱን ቢሮ ኦሊቬቲ ታይፕ ጠግኛለሁ! ካቻቪቴውም፣ ፒንሳውም፣ ሴጌቶውም ስሙ ከዚያው አገር ነው የመጣው። ሳቄ መጣ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ሞተሩን በአራት ባትሪ ድንጋይ፣ በ6 ቮልት አስነሣሁት። ቦርዱ ደግሞ የራሱ ባትሪ አለው። ስንከፍተው እጁ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ። ሁለት ማታ ፈተሽሁ። ሞተሩን ጠረጠርሁ፣ ቦርዱን ጠረጠርሁ፣ የላከልኝን ሰው ሁሉ ጠረጠርሁ። በሦስተኛው ቀን የልጄ የክፍል ጓደኛ፣ ቀጭን ልጅ፣ ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ኔጌቲቮቹ አልተገናኙም» አለኝ። የሁለቱን ባትሪ ኔጌቲቭ በአንድ ሽቦ ካላሰርክ ቦርዱ የላከውን ምልክት ሞተሩ በምን ይለካዋል? ዕድሜዬን ሙሉ ሌላውን የምመክረው ነገር ነው። አንድ ቁራጭ ሽቦ በየድሁ፣ እጁ ጸጥ አለ። ልጁ ምንም አላለኝም፣ ለስላሳ ጠጣና ሄደ።

ቴአትሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቆራሌው ማዳበሪያውን ተሸክሞ መጣ። ከእሱ ዕቃ እገዛለሁ። ማዳበሪያው ውስጥ ፕሪንተር አለ፤ ወገቡ በመዶሻ ተሰብሯል። ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩ የሚጀምርበትን ፊደል አወቅሁት፤ የዚያ መሥሪያ ቤት ነው። ለካ ኮሚቴው ተቋቁሞ፣ ተቆጥሮ፣ ተገምቶ፣ ጨረታው ወጥቷል። ያሸነፈው ሰው በኪሎ ሸጦታል። መዳቡ እንዲወጣ ሞተሮቹ ተቀጥቅጠዋል። ቀበቶው ተበጥሷል። የተረፈው አንድ የብረት ዘንግና ጠፍጣፋው ሽቦ ነው። ዘንጉን ክንዱ ላይ ሠካነው፣ ሽቦውን እንደ ደም ሥር ከክርን እስከ አንጓ ዘረጋነው። ያማረውም ያኔ ነው።

ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይህ ነው። ጨረታው ይቅር አላልኩም። የምለው፣ ከጨረታው በፊት አንድ ቀን ይሁን። የፊዚክስ መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ይምጣ፤ ኮሚቴው ባለበት ሞተርና ዘንግ ፈትተው፣ ዝርዝሩ ላይ ፈርመው ይውሰዱ። አንድ የፕሪንተር ሞተር ከኪሎው ላይ ስንት ሊቀንስ ነው? የመብራት ገመዱ የሚሰካበትን የኃይል ሳጥንና የድሮውን ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ግን አይንኩ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ቻርጅ ይዞ ይቆያል። እኔን ራሴን አንዴ ከወንበር አውርዶኛል።

ስለ ቴአትሩ ለምትጠይቁኝ፦ ክንዱ ከግራ እጇ አንድ ስንዝር ረዝሞ ነበር። የእሷ እጅ ቱቦው ውስጥ እጀታ ጨብጦ ቁልፍ ይጫናል፤ የማሽኑ እጅ ከዚያ ወዲያ ነው የሚጀምረው። ስትገባ አዳራሹ ሳቀ። መጨረሻ አካባቢ ምንጩን ሊዘጋ የመጣውን ሰው ኮሌታ ስትጨብጠው ግን ሳቁ ቆመ። ሞተሩ ዝዝዝ ሲል ከኋላ ወንበር ተሰማኝ። ኮሌታውን ልትለቅለት ግን አልቻለችም፤ ክሩ ተጠላልፎ ኖሯል። ሁለቱም ተያይዘው ወጡ። ሰው የድራማው አካል መስሎት አጨበጨበ።

ክንዱ አሁን ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ክሩ ተፈትቷል። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሥራ ቀለል ይለኛል። የሞተ ፕሪንተር ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ፈቀዱም አልፈቀዱም፣ ቤቱ የሞተ ዲቪዲ ያለው ተማሪ ይዞ ይምጣ። መፍታቱን በነፃ አሳያለሁ። ካቻቪቴ የራሳችሁን አምጡ፤ የእኔ ሁለት ጠፍቶብኛል።

አክባሪያችሁ
ራዲዮ ጠጋኙ፣ ከደብረ ማርቆስ