ሳክሱን የነፋው ማን ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን ከኋላ ገጽ የምጀምር አንባቢ ነኝ። መጀመሪያ የኪነ ጥበብ ዓምዱን አነባለሁ፣ ፖለቲካው ከዚያ በኋላ ነው። በቅርቡ ስለ አንድ የሙዚቃ ድግስ የወጣውን ዘገባ ያነበብኩት ግን ከሌላው ጊዜ በተለየ ስሜት ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩና። ዘገባው የድምፃዊውን ስም ደጋግሞ ጠርቷል፣ ስፖንሰሮቹን አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ድምፃዊው አረፍ ሲል ብቻውን ወደ ፊት ወጥቶ ሕዝቡን ከመቀመጫው ያስነሣው የሳክሶፎን ተጫዋች ግን «ባንዱም ጥሩ ነበር» ከምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር በላይ አልደረሰውም። ቅር ብሎኛል። ደብዳቤውን የምጽፈው ለወቀሳ ብቻ አይደለም፤ የምለምናችሁም ነገር ስላለኝ ነው።

እኔ የቀበሌ ኪነት ያፈራኝ ሰው ነኝ። አልቶ ሳክስ የያዝኩት በዚያ ዘመን ነው፣ ዛሬ ደግሞ በሰፈሬ ለልጆች አስተምራለሁ። ባለፈው ወር አንዲት የ14 ዓመት ተማሪዬ ስልኳን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይሄን የሚጫወተው ማን ነው?» አለችኝ። ስልኩ ላይ የተጻፈው «ምርጥ የኢትዮጵያ ክላሲካል ስብስብ» የሚል ብቻ ነው። ያለ ዘፈን የተሠራ ሙዚቃ ሁሉ እኛ ዘንድ «ክላሲካል» ተብሎ በአንድ ከረጢት ይታሰራል። የመጀመሪያው ትንፋሽ ሳያልቅ ግን ዐወቅኋቸው። ድምፁ ከላይ ይነሣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ፎካሪ ቆም ይልና ደግሞ ይወረወራል። ቃል ሳይኖር «ዘራፍ!» ሲል ይሰማል።

ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። በ1927 ዓ.ም. ይፋት ተወለዱ፤ በክራርና በማሲንቆ ጀምረው ወደ ክላርኔትና ወደ ሳክሶፎን ተሻገሩ፤ ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ሄዱ። ሽለላና ፉከራን ከሰው አፍ ወስደው በቴነር ሳክሶፎን አስጮኹት። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ሲቆሙ የፎከሩት በአልባሳቱ ብቻ አልነበረም። ሳክሱ ራሱ ይፎክር ነበር። የውጭ ሐያሲያን ይህን ሲሰሙ ፍሪ ጃዝ ከሚባለው፣ ከተለመደው ሥርዓት ነጻ ከወጣው ከአሜሪካውያኑ የሳክሶፎን ተጫዋቾች ከነኦርኔት ኮልማንና ከነአልበርት አይለር አጨዋወት ጋር ያነጻጽሩታል። ንጽጽሩን አልጠላውም። ግን ምንጩ ሌላ ነው። ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1959 ኒው ዮርክ ላይ የጃዝ ሰውን ለሁለት ከፍሎ ሲያከራክር፣ ጋሽ ጌታቸው ሽለላቸውን እዚሁ አዲስ አበባ ይነፉ ነበር። የቀዱትም ከአባቶቻቸው ፉከራ ነው።

የሆላንዱ ዘ ኤክስ የተባለ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2004 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር አምስተርዳም ድረስ ጋበዛቸው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። እኩዮቻቸው ጡረታ ወጥተው ሲቀመጡ፣ እሳቸው ልጆቻቸው ከሚሆኑ የጊታር ተጫዋቾች ጋር አዲስ ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ»፣ በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» የተባሉት አልበሞች ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ላይ ከነማሕሙድ አሕመድና ከነዓለማየሁ እሸቴ ጋር በአንድ ምሽት ተጫወቱ። በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 2008 ዓ.ም. አረፉ። ይህን ለተማሪዬ ስነግራት ስማቸውን ደብተሯ ላይ ጻፈችና «ለምን አልተጻፈም ታዲያ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሬዲዮኖቻችንን እንስማ። ዜና ሊጀምር ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ጊዜ መሙያ የሚሆነው ምንድን ነው? ያለ ዘፈን የተሠራ ሙዚቃ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሳክሶፎን የሚመራው። ተጫዋቹ ሐሳቡን ገና ሲያነሣ፣ ልክ ሊያሳርፈው ሲል፣ የሰዓቱ ደወል ይቆርጠዋል። ስም የለ፣ ምስጋና የለ። እኔ በልጅነቴ የዋልያስ ባንድን ሙዚቃ የማውቀው የዜና መግቢያ አድርጌ ነበር። የባንዱ የሳክሶፎን ሰው ሞገስ ሀብቴ እንደሚባል፣ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለዝግጅት ሲሄድ እዚያው ዋሽንግተን ከቀሩት አንዱ እንደሆነ የሰማሁት ስንትና ስንት ዓመት ቆይቶ ነው። ሌሎቹን የሳክሶፎን ሰዎች፣ ተስፋማርያም ኪዳኔን፣ ፍቃዱ አምደመስቀልንስ ስንቱ ያውቃቸዋል? ድምፃቸውን ሁሉም ያውቃል። ሠርግ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ምግብ ቤት ውስጥ አብሮን የኖረ ድምፅ ነው።

«አጃቢ» የምትለው ቃል ብዙ ነገር አበላሽታለች ብዬ አምናለሁ። የካሴቱ ሽፋን የድምፃዊውን ፎቶ፣ የግጥሙንና የዜማውን ባለቤት፣ ቢበዛ የባንዱን ስም ይዞ ይወጣ ነበር። ካሴቱ ወደ ሲዲ፣ ሲዲው ወደ ኢንተርኔት ሲገለበጥ የባንዱ ስምም ተራግፎ ቀረ። ድምፃዊው ከመግባቱ በፊት ያለችውን የሳክስ መግቢያ ግን ሰው ሁሉ በፉጨት ይወጣታል። ዘፈኑን የምንለየው በእሷ ነው።

ሌላው ዓለም እንዲህ አላደረገም። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ ኒውፖርት በተካሄደው የጃዝ ፌስቲቫል ላይ የታላቁ የጃዝ ሰው የዱክ ኤሊንግተን ባንድ ሲጫወት፣ ቴነር ሳክሶፎን የያዘው ፖል ጎንሳልቬስ ተነሥቶ ብሉዝ ለ27 ዙር ሳያቋርጥ ነፋ። ሕዝቡ ወንበሩን ትቶ መጨፈር ጀመረ። ዜማው የኤሊንግተን ነው፣ ባንዱም የኤሊንግተን። 27ቱን ዙር የነፋው ጎንሳልቬስ መሆኑን ግን የጃዝ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዙሩን ሳይቀር ቈጥረውለታል! ያው ባንድ ኅዳር 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ኤሊንግተን ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን መቀበሉ በየመጽሐፉ አለ። ከ17 ዓመቱ ጀምሮ፣ ከ1927 እ.ኤ.አ. አንሥቶ፣ ባሪቶን ሳክሶፎን ይዞ ከጎኑ ያልተለየው ሃሪ ካርኒም በስሙ ይታወቃል። ሰው አጃቢ ስለሆነ ስሙ አልተቀበረም።

እኔን ያስተማሩኝ ሰው በደርግ ዘመን የምሽት ክበብ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበር ሌሊቱን መውጣት የለም። በሩ ከውስጥ ይዘጋል፣ እንግዳውም ሙዚቀኛውም እስኪነጋ አብሮ ያድራል። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከንፈርህ የአንተ አይሆንም» ይሉኝ ነበር። ቀኝ አውራ ጣታቸው ላይ፣ የሳክሱ ክብደት በሚያርፍበት ቦታ፣ እንደ ገበሬ መዳፍ የደረቀ ቆዳ ነበራቸው። ሪድ፣ ማለትም ሳክሱ አፍ ላይ የሚታሰረው ድምፅ የሚያወጣ ስስ ሸምበቆ፣ ከገበያ በጠፋበት ጊዜ አሮጌውን በምላጭ እየፋቁ፣ በምላሳቸው እያራሱ፣ ብርሃን ላይ አንሥተው ቀጭኑን ጎን እያዩ ያድኑት ነበር። በብዙ ካሴቶች ላይ ነፍተዋል። አንዱም ሽፋን ላይ ስማቸውን አላየሁትም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ልመናዬ ይህ ነው። ሪፖርተራችሁ ወደ ሙዚቃ ድግስ ሲሄድ ከመድረክ ጀርባ ገብቶ የተጫዋቾቹን ስም ይጠይቅ፤ ስድስት ሰባት ስም ነው፣ ሁለት መስመር አይሞላም። በሕይወት ያሉት የሳክሶፎን፣ የትራምፔትና የትሮምቦን ሰዎች ደግሞ ብዙ አይደሉም። የትኛው ካሴት ላይ የቱን እንደተጫወቱ እነሱ ካልነገሩን ማንም አይነግረንም። በየሳምንቱ አንዱን ብትጠይቁ፣ አንድ ዘፈን አንሥታችሁ «እዚህ ላይ ሳክሱን የነፋው ማን ነው?» ብላችሁ መልሱን ብታትሙ፣ እኔና ተማሪዎቼ ቈርጠን እናስቀምጠዋለን። አንባቢም የሚያውቀውን ይጽፍላችኋል፤ በዚህ አልጠራጠርም።

የመምህሬን ስም ዛሬ ያልጻፍኩት ቤተሰባቸውን ማስፈቀድ ስላለብኝ ነው። ልጃቸውን አነጋግሬያታለሁ፤ ደስ ብሏታል። በክበቡ መድረክ ላይ ሳሉ የተነሡት አንድ ፎቶ ስላለ እሱን ከሻንጣ እየፈለገች ነው። እንዳገኘችው ከነስማቸውና ከተጫወቱባቸው ዘፈኖች ዝርዝር ጋር ይዤላችሁ እመጣለሁ። እባካችሁ ቦታ አስቀምጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሳክሶፎን መምህር፣ ከአዲስ አበባ